ባሕሩን ያቀዘቀዝኩበት ክረምት

አሰብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠጣው ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንደኛው ማቀዝቀዣ ያለው ነው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ። ሁለተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሹፌሮቹ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ የውሃ ከረጢት ከመኪናው አፍንጫ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ሸራውን ጥቂት በጥቂት ያልበዋል፣ የበረሃው ነፋስ ላቡን ያደርቀዋል፣ ውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ውሃው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ይህን የማያውቅ ሰው አሰብ ውስጥ አልነበረም። ባለሱቁ ያውቃል፣ የወደቡ ወዛደር ያውቃል፣ ትናንት ከደጋ የወረደ አስተማሪ እንኳ በሁለተኛው ቀን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ «አላወቅኩም» ያልኩበት ቦታ ላይ ስንደርስ አንባቢ እንዳያምነኝ ነው።

አሰብ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር። የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ዋና አልችልም፤ ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ሲገባ የሚሞላ ወንዝ ነው። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ በደብዳቤ ስነግራት «ባሕር ትለካለህ? በክንድ ነው በስንዝር?» ብላ አስጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው ስቀውብኛል። የምለካው የባሕሩን ሙቀት ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ከወደቡ ራቅ ብሎ ባሕሩ ዳር የተሠራ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አለቃዬ ከዓመቱ ግማሹን አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ስለሚሆን አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ ባሕሩ የሚገባ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ትናንሽ የዓሣ ጀልባዎች የሚታሰሩበት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እድልድዩ ጫፍ ሄጄ ባልዲ በገመድ እጥላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ቴርሞሜትሩን እከታለሁ፣ ጠብቄ አነባለሁ፣ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። መዝገቡ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ነፋስ የሚል ረድፍ አለው። የመጨረሻው ረድፍ «ምርመራ» ይላል፤ ለየት ያለ ነገር ሲታይ መጻፊያ ነው። እዚያ ላይ ሁልጊዜ «የለም» ብዬ እጽፍ ነበር።

ባልዲው ተራ ባልዲ አልነበረም። ከውጭ አገር የመጣ፣ ግድግዳው ወፍራም ጎማ፣ ክዳን ያለው፣ ጎኑ ላይ የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም የተጻፈበት ነበር። ያሠለጠነን ሰው ስለ ባልዲው ግማሽ ቀን አስተምሮናል። ውሃው እንደተቀዳ እዚያው መለካት አለበት፤ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ የወፍራሙ ግድግዳ ጥቅም ይህንን መከላከል ነው አለን። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። በጎበዝ ተማሪነቴ እታማ ነበር።

አሁን ስለ ሽማግሌው ልናገር። ስማቸውን አልጠራም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። በሰሜን ካለችው የባሕር ዳር መንደር ከዒድ ወገን የመጡ አፋር ናቸው። ያኔ ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ጀልባቸውን ድልድዩ ላይ ያስራሉ፤ ወደ ሰሜን ቀዝፈው ሌላው ሰው ከማይደርስበት ድንጋያማ ባሕር ላይ ያጠምዱና ለዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ያስረክባሉ። በማኅበሩ ሕግ ዓሣ ለሌላ መሸጥ ክልክል ነው። አማርኛቸው ከወደብ የለቀሙት አማርኛ ነበርና ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔንም፣ አለቃዬንም፣ አስተዳዳሪውንም። እኔ «አንቱ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንተ፣ የባልዲው ልጅ» ይሉኛል።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በፍርሃቴ ነው። እድልድዩ ጫፍ ላይ ምሰሶውን አቅፌ እቆም ስለነበር አንድ ጠዋት ከጀልባቸው ሆነው አዩኝና ሳቁ። «ባሕር ሰው አይበላም» አሉኝ። «ሰው የሚበላው እየብስ ላይ ነው።» ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አላቋረጥንም።

የካቲት መጨረሻ አካባቢ ነው ባልዲው የጠፋው። ገመዱ እንደሳሳ ካየሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ ስንፍናዬን ሳስታምም ውሃ እንደሞላ ተበጠሰ። ባልዲው ክዳኑን እንደያዘ ሰመጠ። ሽማግሌው ጀልባቸው ላይ መረብ እየጠገኑ ነበር። ሸሚዛቸውን አወለቁና ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ሦስት ጊዜ ጠለቁ። በሦስተኛው ሲወጡ ዓይናቸው ደም ለብሶ ነበር። «ጭቃው ዋጠው» አሉኝ፤ «የለም።»

የዚያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት መጥፋት ቀልድ አልነበረም። የሕዝብ ንብረት ነው፤ ያጠፋው ሰው ቸልተኛ ነው፤ ቸልተኛ ደግሞ ከአሻጥረኛ የሚለየው በስብሰባው ዕለት የሊቀመንበሩ ሆድ እንዳደረ ነው። «እባክዎን ለማንም አይናገሩብኝ» አልኳቸው። ሊያለቅስ የደረሰ ፊት እንደነበረኝ አልጠራጠርም። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እየለበሱ «ለማን እናገራለሁ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር በጊዜው ብልሃት መስሎኝ ነበር። የመኪና ማደሪያው ጋ ሄጄ አንድ ሹፌር አሮጌ የሸራ ከረጢት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሰጠኝ። አፉን በሽቦ አከበብኩት፣ ገመድ አሰርኩለት፣ ባሕር ውስጥ ጣልኩት፤ እንደ ባልዲ ውሃ ይዞ ወጣ። ደግሞ ከጎማው ባልዲ የሚሻልበት ነገር ነበረው። የጎማውን ባልዲ እድልድዩ ላይ ቆሜ፣ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ ነበር የማነበው። ከረጢቱን ግን ይዤው እመለሳለሁ፣ ቢሮው በር ላይ ያለ ሚስማር ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጬ ላቤን እስካደርቅ እጠብቅና ወጥቼ አነባለሁ። ሥራዬ ከብዙ ወር በኋላ ምቹ ሆነልኝ።

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ግለ ሂስ እናደርጋለን። ተራዬ ሲደርስ እነሣና «ሰዓት አላከብርም፣ ጋዜጣ በደንብ አላነብም» ብዬ ራሴን እወቅሳለሁ። ጓዶች ያደንቁኛል። ቅን ሰው ተባልኩ። እነዚያን ትናንሽ ጥፋቶች እንዴት እንደምመርጣቸው ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ክረምት መጣ። በእኛ አገር ክረምት ማለት ጭቃና ብርድ ነው፤ አሰብ ላይ እሳት ነው። የዚያ ዓመቱ ግን የአሰብ ሰዎች ራሳቸው «ይህስ አልተለመደም» ያሉበት ነበር። ነፋሱ ለቀናት ይቆማል፤ ባሕሩ እንደ ዘይት ይተኛል። ሽማግሌው ከሰሜን ባዶ ጀልባ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ባዶ፣ ሦስት ቀን ባዶ፣ ከዚያ ሳምንት።

አንድ ጠዋት ጠሩኝ። «አንተ፣ የባልዲው ልጅ፣ ና።» ድልድዩ ላይ በሆዴ አስተኙኝና ክንዴን ይዘው እስከ ክርኔ ባሕሩ ውስጥ ከተቱት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሞቋል» አልኳቸው።

«ወላሂ ታሟል እንጂ። ታች የመታጠቢያ ውሃ ነው። ድንጋዩ ነጭ ሆኗል። ድንጋይ አውቃለሁ እኔ፤ ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ እንደ ገበያ ነው። አሁን እንደ አጥንት ነው። ዓሣው ሄደ። ጻፈው።»

«እንዲህ ያለ ነገር መጻፊያ ቦታ የለውም» አልኳቸው።

«የት ነው የምትጽፈው? አሳየኝ።»

መዝገቡን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን ግን በረድፎቹ ላይ አሳልፈው የመጨረሻው ላይ አቆሙ። አንድ ዓይነት ቃል ከላይ እስከ ታች እንደተደጋገመ ዓይናቸው አይቶታል። «ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። ስለ ሌላ ነገር አወራሁና መዝገቡን ዘጋሁት። በዚያ ዕለትም ምርመራ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ሙቀት አላሳየም፤ ቁጥሩ የማይለውን ምርመራው ቢል አለቃዬ ይጠይቀኛል ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነገሩ ፈነዳ። የማኅበሩ ኮሚቴ ሽማግሌውን ጠራቸው። ዓሣውን ባሕር ላይ ከወዲያ ማዶ ለሚመጡ ጀልባዎች ሸጠዋል ተባሉ። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ጥፋተኛ ከሆኑ ጀልባቸው ይወረሳል። ያ ጀልባ የአባታቸው ነበር፤ ከእሱ በቀር አንድም ነገር የላቸውም። ሽማግሌው አልሸጥኩም፣ ባሕሩ ሞቆ ዓሣው ሄዷል አሉ። ኮሚቴው ሳቀ፤ ባሕር ሞቀ የሚል ምክንያት ሰምቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ሽማግሌው «ባሕሩን በየቀኑ የሚለካ ልጅ አለ። የመንግሥት ነው። እሱን ጠይቁት» አሉ።

መዝገቤን ይዤ በማግሥቱ እንድቀርብ ወረቀት ደረሰኝ።

ወረቀቱን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ሳይንስ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ነው፤ ሳይንሱ ደግሞ እኔ ነኝ። የከሰዓቱን ልኬት ወስጄ ከረጢቱን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና ያለፈውን ዓመት መዝገብ አውጥቼ ማስተያየት ጀመርኩ። ያለፈው ዓመት የተለካው በጎማው ባልዲ ነው። እንደ ቁጥሬ ከሆነ ባሕሩ ዘንድሮ ከአምናው ቀዝቅዟል። ሰው ሁሉ በሙቀት እየነደደ ባሕሩ ቀዝቅዟል። ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ከረጢቱ በቬንትሌተሩ ነፋስ ይወዛወዛል፤ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል።

ያን ጊዜ አዲስ ነገር አላወቅኩም። የማውቀውን ነገር ነው ያየሁት።

ቴርሞሜትሩን ብቻ ይዤ እድልድዩ ጫፍ ሄድኩ። በሲባጎ አስሬ በቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ለቀቅኩት፣ ጠብቄ በፍጥነት ሳብኩትና አነበብኩ። መስመሩ ከረጢቱ ከሚያሳየው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ደግሜ ለቀቅኩት። ያው ነው። ሽማግሌው እውነት ተናግረዋል፤ መዝገቤ ከየካቲት ጀምሮ በሙሉ ውሸት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ነገ ስጠየቅ «ባልዲው ጠፍቶብኝ በሸራ ነው የለካሁት፤ ሸራ ያቀዘቅዛል፤ ቁጥሬን አትመኑት» ማለት ነው። አንድ አረፍተ ነገር። ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ለመስታወቱ ብዬዋለሁ፤ እንዲያውም ድምፄ አምሮብኝ ነበር።

ስብሰባው የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ብቻቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ንጹሕ ሽርጥ ለብሰዋል። እንዳዩኝ ፊታቸው ፈታ አለ። ሊቀመንበሩ እንደ እኔ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። ከበስተጀርባው መስኮቱ ላይ ምን ተሰቅሎ ነበር ብትሉኝ፣ የሸራ ከረጢት ነው። ከሥሩ ኩባያ አለ። ሊቀመንበሩ እያዳመጠ በየመሐሉ ቀድቶ ይጠጣል፣ ለጎረቤቱም ያቀብላል። «እፎይ፣ በረዶ ነው» ይላል።

«ጓድ» አለኝ፣ «በዚህ ክረምት ባሕሩ ሞቋል ወይስ አልሞቀም?»

«በመዝገቡ መሠረት ከአምናው ዝቅ ያለ ነው» አልኩ።

ይህ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። በመዝገቡ መሠረት። ቀጣዩን አረፍተ ነገር አፌ ላይ አድርጌዋለሁ።

«መዝገቡ ትክክል ነው?» አለ።

ባልዲው፣ የንብረት ቁጥሩ፣ «የት አለ?» የሚለው ጥያቄ፣ ከየካቲት ጀምሮ ለአዲስ አበባ የላክኳቸው ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ከአዳራሹ ውስጥ ባልዲው መጥፋቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወደ እሳቸው አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃቸው ነበር፤ «ባልዲ የለውም፣ ጠይቁት» ቢሉ እኔ እሰጥማለሁ፣ እሳቸው ይድናሉ። ለማንም አልናገርም ያሉኝን ቃል ጠበቁ።

«ትክክል ነው፣ ጓድ» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ከስማቸው ሥር ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ኩባያውን ሞልቶ ሰጠኝ፤ ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

ጀልባው በዚያው ሳምንት ተወረሰ። ማኅበሩ ቀይ ቀለም ቀብቶ ቁጥር ጻፈበትና ለሌሎች ሰጠው። ለሽማግሌው ከዕድሜያቸው አንጻር ታስቦ ሥራ ተሰጣቸው፤ የድልድዩ ዘበኛ ሆኑ። ምሕረት ተደርጎላቸው ነው ተባለ። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ የማልፍበት ድልድይ ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ በሌላ በኩል መሄጃ ብፈልግም ባሕር ዳር ሌላ መሄጃ አልነበረም። ከረጢቴን ይዤ መጣሁ። የራሳቸውን ጀልባ ውሃ በጣሳ እየጨለፉ ሲያፈሱ አገኘኋቸው፤ አዲሶቹ ሰዎች ስለማይጠግኑት ያፈስ ነበር። «ሰላም አለይኩም» አሉኝ። እንደ ድሮው። እንደ ልማዴ ምሰሶውን ሳቅፍ አዩና ከረጢቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ራሳቸው ጣሉት፣ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ አልሰጡኝም፤ ወስደው ነፋስ በሚያገኘው የዘበኛ ቤታቸው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

«ይቀዝቅዝ» አሉኝ። «ከዚያ ትጽፋለህ።»

ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ ፈልጌ አጣሁ። ቢያፌዙብኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ምራቃቸውን ቢተፉብኝ ይቀለኝ ነበር። ሥራዬ እንደዚያ የሚሠራ ከሆነ ሊያግዙኝ ነው የፈለጉት፣ ወይም ሁሉን ያውቃሉ፤ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደፍሬም አልጠየቅኩም። ከረጢቱ እስኪቀዘቅዝ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ከዚያ ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክዛወር ድረስ፣ ከአንድ ዓመት በላይ፣ እንዲሁ ሆነ።

ስኳርና ሻይ ቅጠል እወስድላቸው ነበር። ይቀበሉኛል፣ አላህ ይስጥህ ይሉኛል፣ ከዚያው ስኳር ሻይ አፍልተው ለእኔም ይቀዱልኛል። ይቅርታ ማለት ሻይ ከማጣጣት ይከብዳልና ሻዩን አጣጣሁ። የተዛወርኩ ዕለት ልሰናበታቸው ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የሚመጣው ልጅ ባልዲ አለው?» አሉኝ። አለው አልኳቸው። «ደግ» አሉ።

ዘመኑ አለፈ። ጦርነቱ መጣ፣ ደርግ ወደቀ፣ አሰብ በሌላ አገር ወሰን ውስጥ ቀረች። ሽማግሌው የት እንደደረሱ አላውቅም። አፋልጌያቸዋለሁ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ውጭ አገር የምትሠራ፣ የባሕርና የአየር ንብረትን ነገር የምታጠና ልጅ ናት። ስሜን ያገኘችው ወደ አዲስ አበባ እልካቸው ከነበሩ ወረቀቶች ግርጌ ነው። ወረቀቶቹ አልጠፉም። እኔ ጠፍተዋል ብዬ ስንት ዓመት ተጽናንቻለሁ!

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለችኝ። «ባልዲው ከምን የተሠራ ነበር?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ያላስታወስኩ መስሏት ታስረዳኝ ጀመር። በየአገሩ ያሉ የጥንት የባሕር ልኬቶች ችግራቸው ባልዲው ነው አለችኝ። አንዱ መርከብ በእንጨት ይቀዳል፣ ሌላው በሸራ፤ ሸራው ያቀዘቅዛል፤ ያ ካልታረመ የድሮው ባሕር ከነበረው ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ከባቢ አየሩ ላይ ከተጨመረው ሙቀት አብዛኛውን የሚውጠው ውቅያኖስ ስለሆነ፣ ባሕሩ ምን ያህል እንደሞቀ ለማወቅ ድሮ ምን ያህል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባልዲ ያጠናሉ። ትልልቅ ሳይንቲስቶች ቁጭ ብለው ባልዲ ያጠናሉ!

«እኛ ደግሞ ከሰሜኑ በኩል ከኮራሉ፣ ድንጋይ ከሚመስለው የባሕር ፍጥረት፣ በመሰርሰሪያ ናሙና አውጥተናል» አለች። «ኮራል ሕይወት አለው፣ ጋሼ። እንደ ዛፍ በየዓመቱ ቀለበት ይጨምራል። ውሃው ለሳምንታት ሲሞቅበት ቀለም የሚሰጡትን ጥቃቅን ነገሮች ያስወጣና ይነጣል። በዚያ ክረምት ላይ ቀለበቱ ጠባሳ አለው። ድንጋዩ ሞቋል ይላል፤ የእርስዎ መዝገብ አልሞቀም ይላል። ደግሞ ቁጥሮችዎ የካቲት መጨረሻ ላይ በአንድ ቀን ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ ይላሉ።»

ቀኑን ሳይቀር አግኝታዋለች።

«ሸራ ነው» አልኳት። «ባልዲው ጠፍቶ በሸራ ተካሁት።»

በስልኩ ውስጥ ደስታዋ ተሰማኝ። «አሁን ይታረማል!» አለች። ከዚያ እንደ ዋዛ «ሸራው እንደሚያቀዘቅዝ ያኔ ያውቁ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላወቅኩም ነበር» አልኳት። «አሁን ካንቺ መስማቴ ነው።»

«እንዴት ሊያውቁ ይችላሉ፣ ጋሼ! ዓለም ራሱ ዘግይቶ ነው ያወቀው» ብላ አጽናናችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የምፈራው ሊቀመንበር የለም፣ የሚጠይቀኝ የንብረት ክፍል የለም፣ ኮሚቴው ከነማኅተሙ ጠፍቷል። ያለ ምንም አስገዳጅ፣ ለአንዲት ደግ ልጅ፣ ያንኑ ውሸት ደገምኩት። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ እያልኩ ነበር ራሴን የማባብለው። እንግዲህ ወጣትነቱም ፍርሃቱም አልነበረም፤ እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ያፈርኩትን ያህል አዳራሹ ውስጥ እንኳ አላፈርኩም።

ሁለት ቀን ምግብ አልበላልሽ አለኝ እያልኩ ባለቤቴን ሳሳስባት ቆየሁና በሦስተኛው ቀን ለልጅቷ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። የሹፌሮቹን ከረጢት፣ ክንዴ እስከ ክርን ባሕር ውስጥ መግባቱን፣ በሲባጎ ያሰርኩትን ቴርሞሜትር፣ «ትክክል ነው፣ ጓድ» ማለቴን፣ ከዚያም ከሦስት ቀን በፊት ለእሷ የዋሸኋትን። አላቋረጠችኝም። ይታረማል እንድትለኝ ጠብቄ ነበር፤ አላለችኝም።

«ቁጥሩን አርመነዋል» አለች በመጨረሻ። «ሲታረም ያ ክረምት ከመዝገቡ ሁሉ የሞቀው ሆነ። እኚያ ሰውዬ ትክክል ነበሩ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ከኮራሉ ሌላ በዓይኑ ያየ ሰው ስንፈልግ ነበር። ድንጋዩ ነጣ ያሉበት ዕለት ትዝ ይልዎታል? ምርመራው ላይ ‹የለም› ይላል።»

ዕለቱን ነገርኳት። የሚጻፈውንም ሽማግሌው እንደነገሩኝ አድርጌ ነገርኳት፤ ታሟል፣ ድንጋዩ እንደ አጥንት ነው፣ ዓሣው ሄዷል። እየጻፈች ስትደግምልኝ ሰማሁ።

«ማን ነው ያየው ልበል? ስማቸውን ያስታውሱታል?»

አስታውሰዋለሁ። የእሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት፤ ተሳስታ እንዳይሆን መልሳ እንድታነብልኝ አደረግኩ። እሷ ትጻፈው። እዚህ ላይ እኔ አልጽፈውም። ስማቸው ከእኔ ፊርማ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ውሏል፤ ሁለተኛ አላውለውም።